አሮጊቷ ለምን አልተነሳችም

«በይ፣ አዙሪው» አሉ ጋሽ ቴስተር፣ ከተከፈተው ኮፈን ስር ሆነው።

ፊውዝ ቁልፉን አዞረችው። ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ ዞረ፣ ዞረ፣ መኪናዋን ከነወንበሮቿ አንቀጠቀጣት፤ ሞተሩ ግን አልነሳም አለ። ትንሽ ታግሳ ቁልፉን ለቀቀችና እጇን ጭኗ ላይ መለሰች። ከመሪው በስተቀኝ ወዳለችው የሲጋራ መተርኮሻ እንዳታይ ዓይኗን የፊት መስታወቱ ላይ ተክላ ነበር።

«ይገርማል እኮ» አሉ ጋሽ ቴስተር ቀና ብለው፤ ወገባቸውን ያዝ አድርገው። «ባትሪውን አዲስ አመጣሁላት። ሞተሪኖው እንደ ጎረምሳ ይዞራል። ቤንዚኑም ይደርሳል፣ ሽታው አፍንጫዬን ሊነቅለው ነው። ታዲያ ይቺ አሮጊት ምን ሆንኩ ነው የምትለው?»

ጋሽ ቴስተር የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛና የአባቷ የቅርብ ጓደኛ ናቸው። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚለኩበት ቴስተር ከደረት ኪሳቸው ተለይቶ ስለማያውቅ ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው አባቷ ነው። ሰውየው ስም ማውጣት ነፍሱ ነበር። ልጁን «ፊውዝ» ያላት ትንሽ ሲበዛባት ቶሎ ስለምትቃጠል ነው። መኪናዋን ደግሞ «አሮጊቷ» ይላታል፤ ከሚስቱ ጋር ከመተዋወቁ በፊት ነበር የገዛት። ለዚህም ነው እናቷ በበኩሏ መኪናዋን «ጣውንቴ» የምትላት። እጁ ግሪስ በግሪስ ሆኖ ሲገባ፣ «ዛሬም ከጣውንቴ ጋር ነው የዋልከው?» ትለዋለች። «እሷ እንኳ አትጨቀጭቀኝም» ይላታል። እንዲህ ሲባባሉ ቤቱ ይሞቅ ነበር።

አሁን አባቷ የለም። ከሞተ ወራት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ እናቷ «ጣውንቴ» የሚለውን ቃል ካፏ አውጥታው አታውቅም። ጭራሽ መኪናዋን ላለማየት ስትል በጓሮው በር መውጣትና መግባት ጀምራለች። አንድ ቀን የአባቷ ወንድም ሲደውል ፊውዝ ሰማቻት፤ «ውሰዳት፣ ብቻ ከደጄ ትነሳልኝ» አለችው። አጎቷም ቅዳሜ መጥቶ እየነዳ ሊወስዳት ተስማማ። ያልተነሳች መኪና ደግሞ አትነዳም፤ ጋሽ ቴስተር የተጠሩት ለዚህ ነው።

«እሺ፣ እሳቱን እንየው» አሉ አሁን። ከሞተሩ ላይ አንዷን ካንዴላ ፈተው አወጡና መልሰው ገመዷ ላይ ሰኳት። ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው እሷ ናት። ጫፏን ብረት ላይ አስደግፈው በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ ያዟት። ደህና ከሆነች ሞተሪኖው ሲዞር ሰማያዊ ብልጭታ መትፋት አለባት። «አዙሪ።»

አዞረች።

«ምንም የለም» አሉ። «ድርግም ብላለች።»

ፊውዝ ምንም እንደማይኖር ታውቅ ነበር። አባቷ ጎማ ላይ እያስቀመጣት ያስተማራት ገና ጥርሷን ሳትቀይር ነው። «አሮጊቷ ስትታመም ሦስት ነገር ጠይቂያት» ይላታል። «ትዞሪያለሽ ወይ? ቤንዚን ደርሶሻል ወይ? እሳት አለሽ ወይ? አንዱን አይ ካለችሽ፣ እሱን ይዘሽ ወደ ኋላ ሂጂ።»

ጋሽ ቴስተርም ካንዴላዋን ቦታዋ ላይ መልሰው አሰሩና እሳቱን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ። የቴስተራቸውን አንዱን መርፌ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚልከው ኮይል ላይ፣ ሌላውን የመኪናዋ አካል ላይ አደረጉ። «ቁልፉን ክፈቺው፣ አታዙሪው» አሉ። ከፈተችው። «ዜሮ» አሉና ወደ ሹፌሩ በር መጡ። እሷን ወደ ጎኑ ወንበር አሸጋግረው፣ በጀርባቸው ተንጋለው ጭንቅላታቸውን ከመሪው ስር አስገቡ። ቁልፉ ጀርባ ያሉትን ሽቦዎች ነካ ነካ አደረጉ። «አሥራ ሁለት» የሚል ድምፅ ከስር ወጣ። «ከቁልፉ ሙሉ ኃይል ይወጣል፣ ኮይሉ ጋ ግን አይደርስም። መንገድ ላይ የሆነ ነገር ውጦታል።»

ትከሻቸው የሲጋራ መተርኮሻዋን ሊነካት ትንሽ ነበር የቀረው። 

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት ከስር ወጥተው ላባቸውን እየጠረጉ። «ድሮ እኮ እኔ አፌን ሳልከፍት ነበር የምትቀድሚኝ።»

«እኔ እንጃ ጋሼ» አለች።

እስከዚያች ደቂቃ ዝም ነበር ያለችው፤ ዝምታን ደግሞ ውሸት ነው ብላ አልቆጠረችውም። አሁን ግን በአፏ ዋሸች። 

ምክንያቱም ታውቃለች። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው ያወቀችው። አባቷ ሲጋራ አያጨስም፤ መተርኮሻው የከረሜላ ማስቀመጫ ነበር። አንድ ቀን ከረሜላ ልትሰርቅ መተርኮሻውን ሳበችው፣ ሲበዛ ሳበችውና ከነአካቴው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። በቀረው ቀዳዳ ጣቷን ስትሰድ ጥግ ላይ ከተሸሸገች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር ተገናኘች። ነካቻት። ምንም የሆነ ነገር አልነበረም። መተርኮሻውን መልሳ፣ ከረሜላዋን ጎርሳ ሄደች። በማግስቱ አሮጊቷ አልነሳም አለች። አባቷ ግማሽ ቀን ሞተሩን ሲፈታታ ቆይቶ ድንገት እጁን አውርዶ አያት። ጉንጯ በከረሜላ አብጧል። ያኔ መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ማጥፊያዋን የገጠማት እሱ ራሱ ነው፣ ለሌባ። ማታ መኪናዋን አቁሞ ተጭኖ ያጠፋታል፣ ጠዋት መልሶ ተጭኖ ያበራታል፤ ሳያበራት ማንም ቢያዞር ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ አሮጊቷ አትነሳም። ፊውዝ በመሃል ስለነካቻት ያን ጠዋት አበራኋት ብሎ አጥፍቷት ነበር። «ሌባ የፈለገውን ያህል ነቄ ቢሆን ከረሜላ ስር አይፈልግም» አላት።

«ለማንም አንናገር፣ እሺ?» አለችው ፊውዝ። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ትልቅ ሚስጥር ነበረች።

«ለእናትሽም?»

«ለእማዬም። የኔና ያንተ ብቻ።»

ትንሽ አሰብ አደረገ። ከዚያ ከረሜላ ላጠላትና ተጨባበጡ። ሚስጥሯ በዚያው ቀረች፤ እሱም እሷም በቀልድ እንደጀመሯት ረስተው፣ ልክ እንደ እውነተኛ ቃል ጠበቋት።

ፊውዝ አሁን ዝም ያለችው ግን ለቃሉ ብላ ብቻ አይደለም። አባቷ በመጨረሻው ቀን ከሥራ ሲመለስ እንደ ወትሮው አሮጊቷን አቁሞ፣ እንደ ወትሮው ጣቱን ሰዶ ማጥፊያዋን አጥፍቶ ነበር የገባው። ከዚያ ታመመና ሐኪም ቤት ወሰዱት። አልተመለሰም። ጫማው ለሰው ተሰጠ፣ ልብሱ ታጠበ፣ የአልጋው ቦታ ተቀየረ። እሱ እንደተዋት ያለችው ያቺ ማጥፊያ ብቻ ናት። ማንም ካላበራት የአባቷ ጣት አሁንም እዚያ ነው። ይህን ለሰው ብትናገር ይስቁብኛል ብላ ትፈራለች፤ ለራሷ ግን ስትነግረው ያስለቅሳታል።

ጋሽ ቴስተር ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። «ለኮይሉ ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ብሰጠው ሞተሩ አሁኑኑ ይነሳል» አሉ። «ግን የሌባ አሠራር ነው። የጓደኛዬን መኪና እንደ ሌባ አላስነሳትም። ነገ ከቁልፉ እስከ ኮይሉ አዲስ ሽቦ እዘረጋለሁ። አሮጌው እዚያው ይቅር።»

ፊውዝ በረጅሙ ተነፈሰች። አሮጊቷ መሄዷ ያንገበግባታል፤ ነገር ግን ማጥፊያዋ ሳትነካ፣ እንደጠፋች ትሄዳለች። ከምንም ይሻላል ብላ ልቧን አረጋጋች።

«ብቻ አንድ ነገር» አሉ ጋሽ ቴስተር። «እኔ የበሽተኛውን ታሪክ ሳልሰማ ሽቦ መቁረጥ አልወድም። እናትሽን ጥሪልኝ፤ መጨረሻ የነካት ማን እንደሆነ ልወቅ።»

እናቷ እጇን በሽርጧ እያደረቀች መጥታ ደፉ ላይ ቆመች። ወደ መኪናዋ ግን አልተጠጋችም።

«እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ያስነሳት እሱ ነው አይደል?»

«ያስነሳት እሱ ነው። መጨረሻ የነካኋት ግን እኔ ነኝ» አለች እናቷ።

ፊውዝ ቀና አለች። ይህን ሰምታ አታውቅም። ያን ቀን እሷ ከጓደኞቿ ጋር ለፈተና ስታጠና ቆይታ ስትመለስ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። የጎረቤት መኪና እንደወሰደው ብቻ ነው የነገሯት።

«ጫማውን አወለቀ» አለች እናቷ። ግድግዳውን እያየች ነበር የምታወራው። «ውሃ ስጪኝ አለኝ። ይዤ ስመለስ ተዝለፍልፏል፤ መናገር አቃተው። እስከዚች በር ድረስ ደግፌ አምጥቼ ደፉ ላይ አስቀመጥኩት። ቁልፉን ይዤ ሮጥኩ። መንጃ ፈቃዱስ አለኝ፣ ልምዱ ነው የሌለኝ። አዞርኩት፣ እምቢ አለ። ደገምኩት። እሱ ሁልጊዜ፣ ‹ነዳጁን አትርገጪው፣ ታፍኛታለሽ› ይለኝ ነበር። ከድንጋጤው የተነሳ ረሳሁት። ቤንዚኑ እየሸተተኝ እረግጣለሁ። እሱ ደግሞ ከዚህ ሆኖ በእጁ እንዲህ ያደርግልኛል።»

ክንዷን ዘረጋች፤ ጣቶቿን ሰብሰብ አድርጋ አየሩን ወደ ራሷ ሳበች። መልሳ ዘረጋችና እንደገና ሳበች።

«ተይው፣ አትችይበትም፣ ነይ ውረጂ ማለቱ ነበር። ለኔ የነገረኝ የመጨረሻ ነገር እሱ ነው። ባትሪው እስኪሞት አዞርኩት። ከዚያ ወደ ጎረቤት ሮጥኩ። ጎረቤት መኪናውን እስኪያወጣ…»

«ሐኪሙ እኮ ቀድሞ ቢደርስም ያው ነበር ብሏል» አሉ ጋሽ ቴስተር ቀስ ብለው።

«ሐኪሙ እዚህ አልነበረም።»

ጋሽ ቴስተር አንገታቸውን ደፉ። ቀጥሎ የተናገሩትን በክፋት አልተናገሩትም፤ ሰውየው አፋቸው ከሥራቸው ውጪ ሌላ ቋንቋ አይችልም። «እንግዲህ ያን ቀን በእርግጥም ታፍና ይሆናል» አሉ። «ቤንዚን ሲበዛባቸው ካንዴላዎቹ ይረጥባሉ። የዛሬው ሌላ በሽታ ነው፤ የሽቦ ነው።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። «አውቃለሁ» አለች፣ ተመልሳም ወደ ውስጥ ገባች።

ፊውዝ ከመኪናው ወርዳ ቆማ ቀረች። እናቷ በጓሮ በር የምትወጣው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። መኪናዋ አባቷን ስለምታስታውሳት ብቻ አይደለም። ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ፣ ወራቱን ሁሉ ይህን ይዛ አልጋ ላይ ስትገላበጥ ነው የከረመችው። እሳት የሌለው ሞተር ደግሞ ነዳጁን ቢረግጡትም ባይረግጡትም አይነሳም። ማንም አያስነሳውም ነበር፤ ከሁለት ሰው በቀር። አንደኛው ደፉ ላይ ተቀምጦ አንደበቱ ተይዟል። ሁለተኛዋ ጓደኛዋ ቤት ቁጭ ብላ እየሳቀች የታሪክ ጥያቄ ትመልስ ነበር።

ዝም ብትል ነገ አዲስ ሽቦ ይዘረጋል፣ ቅዳሜ አሮጊቷ ትሄዳለች፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ብትናገር እናቷ ምን ብላ እንደምታያት አታውቅም። ዓመታት ሙሉ ከኋላዋ ሲሳቅባት እንደነበር ነው የሚገባት። ፊውዝ ፈራች፤ ከምር ፈራች። ግን ያቺ አየር የምትስብ እጅ ከዓይኗ አልጠፋ አለች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ» ብላ ወደ ኩሽና ገባች። እናቷ ንጹሕ ድስት ትፈትግ ነበር።

«እማዬ፣ ነይማ።»

«የት?»

«አሮጊቷ ጋ።»

«አልመጣም። ተይኝ በሞቴ።»

«ለአንድ ነገር ብቻ። ከዚያ በኋላ አላስቸግርሽም።»

እናቷ ፊቷን አየችና ድስቱን አስቀመጠች። ከብዙ ጊዜ በኋላ በፊተኛው በር ወጣች። ፊውዝ የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ራሷ ዞራ ከጎኗ ገባች። ከዚያ መተርኮሻውን ከነአካቴው ሳበችው። ሁለት ከረሜላ ነበረበት፤ ወረቀታቸው ከሙቀቱ የተነሳ ተጣብቋል። 

«እጅሽን እዚህ ክተቺ» አለች። «ወደ ግራ። አገኘሻት?»

«ምንድን ነች?»

«ማጥፊያ ነች። ለሌባ። አባዬ ማታ ማታ ያጠፋታል፤ እሷ ካልበራች መኪናዋ እሳት የላትም። ያን ቀንም አጥፍቷት ነበር የገባው። እስካሁን እንደጠፋች ነች።»

ጋሽ ቴስተር ሰምተዋል። ቴስተራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱና ጀርባቸውን ሰጥተው የጸዳ ፒንሳ መጥረግ ጀመሩ።

«ማን ያውቃል ይሄን?» አለች እናቷ። እጇ አሁንም ቀዳዳው ውስጥ ነው።

«እኔና አባዬ። ልጅ ሆኜ ነው ያወቅኩት። ለእማዬ አንንገራት ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ጠይቆኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

እናቷ እጇን አውጥታ መሪው ላይ አኖረችው። 

«ያን ቀን ቤት ብትኖሪ ኖሮ…» አለች።

«አዎ» አለች ፊውዝ።  ብትጮህብኝ፣ ብትመታኝ ይሻላል ብላ ጠበቀች፤ እናቷ ግን መሪውን በአውራ ጣቷ ማሸት ያዘች። 

«እማዬ» አለች በመጨረሻ። «በእጁ ምን ነበር ያደረገልሽ? እስኪ ድገሚው።»

«ለምን?»

«ድገሚልኝ።»

እናቷ ሳትወድ ክንዷን ዘረጋች። ጣቶቿን ሰብሰብ አደረገች፤ ወደ ራሷ ልትስብም ስትል፣ ፊውዝ መተርኮሻውን መልሳ ከፊቷ ሰክታው ነበርና ጣቶቿ በትክክል መያዣው ላይ አረፉ። እናቷ ሳበችው። ወጣ። እጇ ላይ የቀረውን መተርኮሻ ስታየው፣ ስታየው ቆየች።

«ተይው ማለቱ አልነበረም» አለች ፊውዝ። «ሳቢው ማለቱ ነበር።»

 እናቷ ግንባሯን መሪው ላይ ጣለች፤ በቀብሩ ቀን እንኳ ያላለቀሰችውን ለቅሶ ማልቀስ ጀመረች። «አላፈንኳትም» ትላለች። «አላፈንኳትም፣ አይደል?»

«አላፈንሻትም፣ እማዬ። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

ፊውዝም አለቀሰች። ጋሽ ቴስተር ያንኑ ፒንሳ እየጠረጉ ነው።

ለቅሶው ሲበርድ ፊውዝ ጣቷን ወደ ቀዳዳው ሰደደችና ማጥፊያዋን አገኘቻት። ትንሽ ነች፣ ቀዝቃዛ ነች። እንዳለች ትተዋት ዘንድ ልቧ ለመናት። ካበራቻት አባቷ መጨረሻ ላይ የነካው ነገር አይኖርም፤ ከዚህ በኋላ የሷ ጣት ነው። እናቷን አየቻት፤ ዓይኗ አብጦ፣ አፍንጫዋን በሽርጧ ጫፍ ትጠርጋለች። ያን ቀን እምቢ ያላትን ቁልፍ ካላዞረችው፣ ሰምታም አታምንም።

ተጫነቻት። ቀጭ አለች።

«አሁን አስነሻት» አለች። «ነዳጁን አትርገጪ።»

«አልረግጥም» አለች እናቷ፤ እግሯንም ወደ ኋላ ሰበሰበች። ቁልፉን አዞረች። ሞተሪኖው ትንሽ ዞረ፤ አሮጊቷ ሁለቴ አስነጠሰች፤ ከዚያም ያ ሁልጊዜ ማታ ማታ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ የሚሰሙት የሞተር ድምፅ ግቢውን ሞላው። እናቷ ደንግጣ ወደ ግቢው በር ዞራ አየች። ማንም አልገባም። እጇን ከቁልፉ ሳታነሳ፣ አንገቷን ደፍታ ድምፁን አዳመጠች።

ጋሽ ቴስተር ኮፈኑን ቀስ አድርገው ዘጉና የመሣሪያ ሳጥናቸውን አንስተው፣ ሳይሰናበቱ ወጡ።

ፊውዝ አንዱን ከረሜላ ላጥታ ለእናቷ ሰጠቻት፤ ሌላውን መተርኮሻው ውስጥ ተወችው።

«ቅዳሜ ይወስዳታል እንግዲህ» አለች እናቷ።

«ይውሰዳት። ማጥፊያዋን እኔ ነኝ የማሳየው» አለች ፊውዝ። መተርኮሻውን ቦታው ላይ ሰካችው። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «ደውይለት። ሚስቱንም ይዟት ይምጣ፤ ማጥፊያዋን እሷም ትወቃት።»